የጠብታው ፍጥነት

ወንድሜ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱን ለቆ ቤት የገባው በአንድ ስልክ ምክንያት ነው። አዲስ ዓይነት ስልክ ወጥቷል፣ አሠራሩ ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም፣ ጨዋታውም ሌላውም የሚወርድበት የራሱ መደብር አለው፤ መደብሩ ግን ገና ባዶ ነው አለን። «ባዶ ገበያ ላይ ቀድሞ ያነጠፈ ቦታ ይይዛል» አለ። «ባዶ የሆነው ገዢ ስለሌለው ቢሆንስ?» አልኩት። ሰማኝ? አልሰማኝም። በማግስቱ አንድ ካርቶን ተሸክሞ መጣ፤ ውስጡ የሻይ ብርጭቆ፣ የአንገት ልብስና ቻርጀር ነበር። ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ጓዝ ይኼው ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሰፋው እዚያው ቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ሲሆን መስኮቱ መንገድ ላይ ስለሚከፈት ደንበኛው ሁሉ ሳይገባ በመስኮት ነው የሚያናግረኝ። ወንድሜ ጠረጴዛውን ከስፌት መኪናዬ ትይዩ ዘረጋና ሥራ ጀመረ። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን የምንውል ሰዎች ነን። ልዩነቱ እኔ ስሠራ የሚጮኸው መኪናዬ ነው፣ እሱ ሲሠራ የሚጮኸው ራሱ ነው። «እሺ በለኝ እንጂ! ምን አድርጌሃለሁ?» እያለ ከኮምፒውተር ጋር ሲጣላ የሰሙ ደንበኞች ባል ያገባሁ መስሏቸው በመስኮት አንገታቸውን አስግገው አይተዋል።

አባታችን ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነው። በጽሕፈት መኪናው ዘመን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «መትረየስ» ነበር የሚለው። ዳኛው ተናግሮ ሳይጨርስ እሱ ጽፎ ይጨርስ ነበር ይባላል። ይህን አዘውትሮ የሚለው ራሱ አባታችን ስለሆነ ትንሽ መቀነስ ያስፈልግ ይሆናል፤ ግን የድሮ ባልደረቦቹም ሲያገኙን የሚያነሡት ጣቶቹን ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ነጭ ቀለም ቀብቶ አያልፍም፤ ወረቀቱን ከመኪናው ነቅሎ ገጹን እንዳለ ከላይ ይጀምረዋል። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እሱ፣ እኔና ወንድሜ ነን።

ወንድሜ ቤት በገባበት ክረምት የአባዬ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መንቀጥቀጡስ ባልከፋ፤ እጁ ዘገየ። ማንኪያው ከሳህኑ ተነሥቶ አፉ ጋ እስኪደርስ መንገድ ላይ ሐሳቡን የሚቀይር ይመስል ነበር። ሐኪም ቤት ስንወስደው ሐኪሟ ብዙ ካስነካችው፣ ካስጨበጠችውና ካራመደችው በኋላ ክኒን አዘዘችለት። «በሽታውን አያጠፋውም፤ እጅዎን ግን ይይዝልዎታል» አለችው። «ሳያቋርጡ ይውሰዱ፤ እኔ ደግሞ በየቀጠሮው እጅዎን እያየሁ መጠኑን አስተካክላለሁ።» አባዬ ክኒኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠላው። ሆዴን ያገላብጠዋል ይላል።

እንግዲህ ጨዋታው። ስሙ «ጠብታ» ነው፤ ሐሳቡን ያገኘው ከጣሪያችን ነው። የኛ ጣሪያ ደህና ዝናብ ከመጣ ያንጠባጥባል፤ እኛም ባልዲና ድስት ይዘን ከክፍል ክፍል እንሯሯጣለን። በጨዋታው ውስጥ አንድ አልጋ አለ፣ ከላይ ጠብታ ይወርዳል፣ አልጋው ላይ ከማረፉ በፊት በጣት ነክተህ ማጥፋት ነው። አለቀ። አልጋው ላይ የሣለው ብርድ ልብስ ያ ባለ መስመሩ የአባዬ ብርድ ልብስ ነው።

«ከሥራ ያስለቀቀህ ይኼ ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ ቀላል ነገር መሥራት ነው ከባዱ» አለኝ።

ጨዋታ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚሞክርለት ሰው ይፈልጋል። ጓደኞቹ ያንን አዲስ ስልክ አልገዙም። እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተደራርቦብኝ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። ሥራ ፈትቶ ቤት የሚውል፣ የተሰጠውን ነገር በቁም ነገር የሚይዝ ሰው አንድ ነው፤ እሱም አባዬ። ጣቱን ያፍታታለታል ብለንም አሰብን። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከእግር ጉዞው ሲመለስ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና እጁን ይዘረጋል፤ ወንድሜም ስልኩን ያስጨብጠዋል። እንደዚህ ከረሙ።

ወንድሜ በሥራው ላይ አንድ ሃይማኖት አለው። ተጫዋች አይሳሳትም፣ የሚሳሳተው ጨዋታው ነው ይላል። አባዬ ጠብታ ባመለጠው ቁጥር «ጥፋቱ ያንተ አይደለም አባዬ፣ የኔ ነው» ይልና ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የሆነ ቁጥር ይነካካል። ጠብታው ትንሽ ይዘገያል፣ ወይም ትንሽ ይወፍራል። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» እለዋለሁ። እሱ ግን የምሩን ነው። «የሚሳብን በር ሰው ሁሉ ከገፋው፣ የተሳሳተው በሩ ነው እንጂ ሰዉ አይደለም» ይለኛል። በዚህ አይቀልድም፤ የሙያ ክብሩ ነው።

የአባዬ ነጥብም እያደገ ሄደ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይጫወት የነበረ ሰው፣ በኋላ እያንጎራጎረ፣ በኋላ ደግሞ እየፎከረ መጫወት ጀመረ። «ኢንጂነሩ! ና እይ! መትረየስ ተመልሷል!» ይላል። ኢንጂነሩ የሚለው ወንድሜን ነው፤ መጀመሪያ ሊያሾፍበት ያወጣለት ስም ነበር፣ አሁን ግን ድምፁ ውስጥ ኩራት አለ። ልብሷን ልትለካ የመጣች ደንበኛዬን ሳይቀር በመስኮት ስልኩን አሳይቷታል። ሴትየዋ ስለ ጨዋታው ምንም አልገባትም፤ ግን እንደዚያ ደስ ያለው ሽማግሌ አይታ ዝም ማለት ከብዷት «በርታ አባቴ» ብላዋለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ያንን ክኒን ካቆምኩት ሰነበትኩ» አለን።

«ምን?» አልኩ።

«ለምን ብዬ እወስዳለሁ? እጄ ድኗል። የፊታችን ቀጠሮ ስልኩን ይዤ ነው የምሄደው፤ ሐኪሟ በዓይኗ ትየው።»

«ሳትነግራት ማቆምህ ልክ አይደለም አባዬ።»

«ልነግራት አይደል እንዴ የምሄደው!» አለና ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። እኔ ነገሩ አልጣመኝም፤ ግን በምን ልከራከረው? ነጥቡን በዓይኔ አይቻለሁ። ሸሚዝ ትቶ በአንገት የሚጠለቅ ሹራብ ብቻ መልበስ መጀመሩን፣ ሻዩን ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ቅጂልኝ ማለቱንም አይቻለሁ፤ ግን ሹራቡን ለብርድ፣ ሻዩን ለጨጓራው ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ዓይንም እንደዚያው ነው።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ጨዋታውን ለመደብሩ ላከ። መረመሩት፣ አጸደቁት፣ ወጣ። እዚያ ባዶ ገበያ ውስጥ ለካ ሰው ነበር፤ ከየአገሩ እያወረዱ አስተያየት ይጽፉ ጀመር። አባዬ ለእግር ጉዞው እንደወጣ፣ ወንድሜ አስተያየቱን እየተረጎመ ጮክ ብሎ ያነብልኝ ጀመር፤ እኔ የሱሪ እግር እያጠፍኩ እሰማለሁ።

«‹ውሃ ነው ወይስ ማር?› ይላል አንዱ።»

ሳቅሁ።

«‹ጠብታው አልጋው ጋ እስኪደርስ ልብሴን ተኩሼ ጨረስኩ።› ‹ልጄ እየጠበቀች ተኛች።› ‹ሐብሐብ ከጣሪያ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።›»

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፤ መርፌው እንዳይወጋኝ ሱሪውን አስቀመጥኩ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ተናደደ።

«አልገባቸውም! እኛ እኮ ሞክረነዋል። ከዚህ ከፈጠነ ሰው አይችለውም። አባዬ እኮ ሁልጊዜ ያመልጠው...» ብሎ አቆመ። «አባዬ እኮ ያመልጠው ነበር» አለ እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።

እኔ የደንበኞቼን የድሮ ልክ በወረቀት ቆርጬ እንደማስቀምጥ ሁሉ እሱም የሠራውን ጨዋታ በየደረጃው ያስቀምጣል፤ ምንም አይጥልም። የመጀመሪያውን አወጣና ስልኩ ላይ ጫነው። «እትዬ ተጫወቺ» አለኝ። ተጫወትኩ። ጠብታው የምር ጠብታ ያህል ነበር፣ እንደ ጠብታም ይወርድ ነበር፤ አንዳንዱ አመለጠኝ፣ አብዛኛውን ያዝኩት። ቀጥሎ አሁን መደብሩ ላይ ያለውን ሰጠኝ። ከጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተለቀቀና እየተንሳፈፈ መጣ። ጠብቄው ሰለቸኝ። በየቀኑ ፊታችን ላይ ስለነበረ፣ ቤት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ቁመቱ ለቤተሰቡ እንደማይታወቅ፣ የጠብታው መለወጥም አልታየንም ነበር።

ቀና ስል የወንድሜ ፊት አመድ መስሏል።

«ጨዋታው ሲስተካከል አልነበረም» አለ። «የአባዬ እጅ ሲከፋ ነው የከረመው። እጁ በዘገየ ቁጥር እኔ ጠብታውን አብሬ ሳዘገይለት ነበር።»

ደሜ ፈላ፤ ግን በማን ላይ እንደምቆጣ ጠፋኝ። በእሱ ላይ እንዳልቆጣ ሆን ብሎ አላደረገውም። በራሴ ላይ እንዳልቆጣ በመርፌ ቀዳዳ ክር የማሾልክ ሴት ሐብሐብ የሚያህል ጠብታ ሳላይ መቅረቴ ቁጣ ሳይሆን እፍረት ነው። ቀጠሮው ደግሞ ነገ ነው። አባዬ ነገ ስልኩን ይዞ፣ ክኒኑን መተዉን በኩራት ሊናገር ነው።

«ለሐኪሟ ለብቻዋ እንንገራት» አለ ወንድሜ።

«ከጀርባው? መትረየስን?»

«እትዬ፣ ከእማዬ ወዲህ እንደዚህ ሲስቅ አይተሽዋል?»

አላየሁትም። እውነቱን ነው። ቢሆንም «ሳቁ ይቅርበትና እጁ ይትረፍለት» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ጨከነብኝ።

አባዬ ገባ። ኮቱን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጎ ተቀመጠና እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። ወንድሜ ስልኩን ሰጠው፤ የሰጠው የመጀመሪያውን ጨዋታ ነው። እኔ መኪናዬን አቆምኩ።

የመጀመሪያው ጠብታ አልጋው ላይ አረፈ። ሁለተኛውም። አባዬ ተስተካክሎ ተቀመጠና መነጽሩን ገፋ አደረገ። ጣቱ ወደ ጠብታው ሲሄድ ጠብታው ከሄደ ቆይቷል። ብርድ ልብሱ በሰበሰ።

«ስልክህ አብዷል» አለ።

«ስልኩ ደህና ነው አባዬ።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

«መጀመሪያ የሠራሁት ነው። ያኔ ክረምት ላይ የተጫወትከው።»

«ያኔ እኮ ይኼን ያህል አላመለጠኝም።»

«አዎ» አለ ወንድሜ። ከዚያ ነገረው። እየተንተባተበ፣ የቱን ቁጥር መቼ እንደለወጠ፣ ለምን እንደለወጠ፣ ሰዎቹ የጻፉትን ሳይቀር ሁሉንም ነገረው። አባዬ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሣ ሰማው። በመስኮቱ አንዲት ደንበኛ ብቅ ብላ «ደረሰልኝ?» ስትል በእጄ ምልክት አሰናበትኳት።

«እንግዲያው ነጭ ቀለም ስትቀባልኝ ነው የከረምከው» አለ አባዬ።

«ሳላውቅ ነው አባዬ።»

«ሳታውቅ መሆኑንማ አውቃለሁ። አውቀህ ቢሆን ኖሮ ይኼን ጊዜ ካርቶንህን ይዘህ መንገድ ላይ ነበርክ።» ድምፁ አልጮኸም። ጮኾ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከዚያ «በመሀል ያሉትስ አሉህ?» ሲል ጠየቀው።

«ሁሉም አሉ።»

«በተራ ስጠኝ። ከዛሬው ጀምርና ወደ ኋላ ውሰደኝ።»

ወንድሜ አንዱን ይጭናል፣ አባዬ ይጫወታል፣ ይመልስለታል፤ ቀጣዩን ይጭናል። የመጀመሪያዎቹን ያለ ችግር አለፋቸው፤ ግን አልፎከረም፣ አላንጎራጎረም። ጠብታው እያነሰ፣ እየፈጠነ መጣ። ከዚያ አንዱ ላይ ማምለጥ ጀመረ፤ ደገመው። ቀጣዩ ላይ አልጋው ሙሉ በሙሉ ራሰ። ይህን ጊዜ ከንፈሩን ነክሶ ስልኩን መለሰና «አንድ ወደ ፊት» አለ። ያንን በድጋሚ ተጫወተ። ግማሹን ያዘ፣ ግማሹ አመለጠው።

«እዚህ ላይ ነኝ» አለ። «ይኼ ላይ ምልክት አድርግበት። ነገ ለሐኪሟ የማሳያት ይኼንን ነው።»

ከዚያ ተነሥቶ ክፍሉ ገባ። ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን አሳርፎ ቀረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተሩን ሳይሳደብ አመሸ።

በነጋታው ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ስትሰማ አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። አባዬን አውራ ጣትና ሌባ ጣቱን ቶሎ ቶሎ እንዲያነካካ አደረገችው፣ ኮሪደሩ ላይ አስኬደችው። ከዚያ አባዬ ራሱ «ልጄ የሚያሳይዎት ነገር አለ» አላት። ወንድሜ ምልክት ያደረገበትንና የመጀመሪያውን አሳያት፤ በመካከላቸው ስንት ወር እንዳለ ነገራት። ሐኪሟ ሁለቱንም ራሷ ተጫውታ አየች። መድኃኒቱ መጀመር አለበት፣ ቀስ ብሎ ከዝቅተኛው መጠን ነው የሚጀመረው፣ ሁለተኛ ግን በራስዎ እንዳያቆሙ፣ ድንገት ማቆም ራሱ አደጋ ነበረው አለችው። አባዬ እንደ ተማሪ «እሺ» አለ።

«ለመሆኑ ለምን አቋረጡት?» አለችው።

የእኔ ነገር፣ ከአፉ ቀድሜ «ሆዱን ስለሚያገላብጠው ነው ዶክተር፣ ደግሞም የተሻለው መስሎት...» አልኩ።

«ቆይ አንቺ» አለ አባዬ። ወለሉን አየ። «መክፈት አቅቶኝ ነው።»

ለማናችንም አልገባንም። ከኮቱ ኪስ የክኒኑን ዕቃ አወጣና ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አቆመው። ሙሉ ነበር ማለት ይቻላል።

«ክዳኑ» አለ። «ተጭነህ አዙር ይላል። ስጫነው አይዞርልኝም። ሳዞረው መጫኑ ይቀራል። አንድ ቀን በጥርሴ ሞከርኩት።» ወደ እኛ አላየም። «ሁለት ልጆች ቤት ውስጥ አሉኝ፤ መጥራት ነበር። በኋላ ያ ነጥብ ሲያድግ ጊዜ፣ ድኛለሁ ካልኩ መክፈትም አያስፈልገኝም፣ መጥራትም አያስፈልገኝም ብዬ ነው።»

እኔ ከእሱ ክፍል በአንድ ግድግዳ ተለይቼ ነው የምውለው። የመኪናዬን ድምፅ ይሰማል፣ የወንድሜን ጩኸት ይሰማል፤ በጥርሱ ክዳን እየታገለ ያን ሁሉ ይሰማ ነበር። ወንድሜ እጁን ሰድዶ ዕቃውን አነሣና ከፈተው፤ በአንድ ጊዜ ቷ ብሎ ተከፈተ። እንደዚያ በቀላሉ ስለተከፈተለት አፍሮ ወዲያው ዘጋው።

«ፋርማሲው ቀላል ክዳን ባለው ዕቃ ሊቀይርልዎት ይችላል፤ ልጻፍልዎት?» አለች ሐኪሟ።

አባዬ አሰበ።

«አይ፣ ይኼው ይሁን» አላት። «የሚቀልልኝ ነገር በቅቶኛል። ጠርቼ አስከፍታለሁ።»

ይላል እንጂ አያደርገውም ብዬ ነበር። አባቴን አውቀዋለሁ፤ እናታችን ስትሞት እንኳ ውሃ አምጡልኝ ያላለ ሰው ነው። በማግስቱ ጠዋት እኔ አንድ ዚፕ እየቀየርኩ፣ ወንድሜ ጠብታውን ሊያፈጥን ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ እየተነጫነጨ ነበር። ከውስጠኛው ክፍል የመሳቢያ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። መኪናዬን አቆምኩ።

«ኢንጂነሩ!» አለ አባዬ። «ና ክፈትልኝ።»

ወንድሜ ወንበሩን ገልብጦት ሮጠ።